ነገ አንበሳ ሊያዩ የነበሩት ሰው

ሚስትየው፣ «ባለቤቴ መሞታቸውን ማታውኑ በስልክ ለሆቴሉ ተናግሬያለሁ፤ ሰምተውኛል፣ እሺም ብለውኛል» አሉ።

በማታው ፈረቃ ሪሴፕሽን ላይ የነበረችው ልጅ ደግሞ፣ «ሽማግሌው ተኝተዋልና እንዳይረበሹ ብለው ነው የደወሉት፤ ስለ ሞት አንዲት ነገር አልተናገሩም» አለች።

ኢንስፔክተሩ ሁለቱን ቃሎች ጎን ለጎን አድርጎ ሲያያቸው መሐል ላይ የሚቆምበት ቦታ አጣ። አንዱ እውነት ከሆነ ሌላው ዐይን ያወጣ ውሸት ነው። ግን ሁለቱም ሴቶች ሲናገሩ ዐይናቸውን አላሸሹም። በሥራው ብዙ ውሸታም አይቷል፤ ውሸታም አብዛኛውን ጊዜ ከተጠየቀው በላይ ያወራል። እነዚህ ግን የተጠየቁትን ብቻ መልሰው ዝም አሉ።

አስከሬኑን ያገኘው የሟቹ ልጅ ነበር። ማለዳ ላይ ወደ አራዊት ፓርኩ የሚወስዳቸው መኪና ሆቴሉ በር ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ሲጠብቅ፣ አባቱን ሊጠራ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። በሩ አልተቆለፈም። አባቱ አልጋው ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ ተጣምሯል። የእንጀራ እናቱ የመንገድ ልብሳቸውን እንደለበሱ አጠገባቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው «መጣህ፣ ልጄ?» አሉት። ኮሪደሩ እስኪናወጥ ጮኸ። ለፖሊስ የደወለውም ራሱ ነው፤ ስልኩ ሲነሣ መጀመሪያ ያለው ቃል «ገድላዋለች» የሚል ነበር።

«ጌታዬ፣ ይሄ እንኳን 'ቆይ' አያስፈልገውም» አለች ሳጅኗ ደረጃውን ሲወርዱ። ኢንስፔክተሩ ለሁሉም ነገር «ቆይ» ስለሚል፣ ጣቢያ ውስጥ ከጀርባው «ቆይ ቆይ» እንደሚሉት ያውቃል። ከፊቱ ደፍራ የምትለው ግን እሷ ብቻ ነበረች።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አላት።

«ከእሱ አፍ ይስሙት።»

የአስከሬን ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ከአሳንሰሩ ወጣ። «የሞቱት ንጋት ላይ ነው» አለ። «ማታ ነው የሚል ካለ ወይ ዋሽቷል ወይ ተሳስቷል። የቁስልም የመታፈንም ምልክት የለባቸውም። ደማቸውንና ጥፍራቸውን አስመረምራለሁ።»

«ሰሙ?» አለች ሳጅኗ። «ሰውዬው እየተነፈሱ ሞተዋል ትላለች። ሆቴሉን አትረብሹን ትላለች። ከዚያ ቁጭ ብላ እስኪሞቱ ትጠብቃለች። ምን ቀረ?»

«ቆይ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ገዳይ የሰውየውን ሞት ሰውየው ሳይሞት ያውጃል እንዴ? የሚደብቁትን ነገር በስልክ ደውለው አይናገሩትም።»

ሳጅኗ ደብተሯን አጥፋ ተከተለችው።

ልጅየው ባዶው ምግብ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ የፓርኩን ካርታ ያጣጥፋል፣ ይዘረጋል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ጎልማሳ፣ ትከሻ ሰፊ። ዐይኑ ሥር አብጧል።

«አባዬ ዕድሜ ልኩን ሙዚየም ነው የሠራው» አለ ሳይጠየቅ። «የሞተ አውሬ ቆዳ በገለባና በሽቦ ሞልቶ፣ የመስታወት ዐይን ተክሎ ማቆም ነበር ሥራው። ጓደኞቹ 'ጋሼ ገለባ' ነው የሚሉት። ስንት አንበሳ አቁሞ፣ በሕይወት ያለ አንበሳ ግን አይቶ አያውቅም። እኔ ነኝ ላሳየው ብዬ ያመጣሁት። ነገ... ዛሬ ማለቴ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ማታ እንዴት ነበሩ?»

«እንደ ሕፃን። 'አንበሳ ሲራመድ ትከሻው ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ፊት የሚወጣው?' ይለኛል። 'እስከ ዛሬ ያቆምኳቸው ሁሉ ልክ መሆናቸውን ነገ ነው የማውቀው፤ ስህተት ከሆኑ ተመልሼ ሁሉንም እፈታቸዋለሁ' ብሎ ሳቀ። እንቅልፍ እንቢ ብሎት ነበር። በኋላ ሪሴፕሽኗ ደውላ መተኛቱን ነገረችኝ።»

«ላንተም ደውላልሃለች?»

«አዎ። ተኝቷል፣ አይረበሽ አለችኝ። ደስ አለኝ።»

አሁን ነገሩ ሁለት ለአንድ ሆነ። ኢንስፔክተሩ አንገቱን አከከ። «እንጀራ እናትህ ለምን ይገድሏቸዋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» ካርታውን ገፋው። «እናቴ በሞተች ዓመት ሳይሞላ ነው ቤታችን የገባችው። እዚያው ሙዚየም ትኬት ቆራጭ ነበረች። ስሟን ጠርቼ አላውቅም፤ አንነጋገርም። ቆዳ ብል እንዳይበላው የሚቀቡት መርዝ አለ፣ አርሴኒክ የሚሉት። የት እንደሚቀመጥ ከአባዬ ቀጥሎ የምታውቅ እሷ ናት። እሱን ይመርምሩ።»

ተመረመረ። ከሰዓት በኋላ ሳጅኗ ወረቀቱን እንደ ሎተሪ ዕጣ እያውለበለበች ገባች። በሟቹ ጥፍር ውስጥ አርሴኒክ ተገኝቷል።

ኢንስፔክተሩ ወደ ሙዚየሙ ደወለ። ስልኩን ያነሡት ከጋሼ ገለባ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ያረጁ ሰው ነበሩ። መርዶውን ሲሰሙ በዝግታ «ነፍሱን ይማር» አሉ። ስለ መርዙ ሲጠየቁ ግን ድምፃቸው ተነሣ።

«ልጄ፣ የኔንም ጥፍር ቆርጣችሁ መርምሩ፤ ከዚያ እኔንም ቅበሩኝ! በጓንት የሠራንበት ዘመን የቅርብ ነው። እሱን አርሴኒክ የሚገድለው ቢሆን ኖሮ ገና ጎረምሳ ሳለ ነበር የምናለቅስለት። ይልቅ ሚስቱን እንዴት አደረጋችኋት?»

«እኛ ጋ ናቸው።»

«ጮክ ብላችሁ እንዳታናግሯት። ጩኸት አትወድም።»

ሐኪሙም ይህንኑ አረጋገጠ፤ መርዙ የቆየ፣ በዓመታት የተጠራቀመ ነው። «ደማቸው ውስጥ ግን ሌላ ነገር አለ» አለ። «ልኩን በትክክል ሳላውቅ አልነግርህም። ጠብቀኝ።»

መጠበቅ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ልጅየው አቤቱታውን ፈርሟል፤ የጣቢያው አለቃ መዝገቡ በማግስቱ ለዓቃቤ ሕግ እንዲተላለፍ አዟል። እስከዚያ ሌላ ነገር ካልተገኘ ባልቴቷ በሰው ግድያ ተከሰው ወደ ማረሚያ ቤት ይሄዳሉ።

ሴትዮዋ የጣቢያው ትንሽ ክፍል ውስጥ ጉልበታቸውን ገጥመው ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር።

«ትንሽ ጮክ ይበሉ፣ እናቴ» አለች ሳጅኗ።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሙዚየም ውስጥ ጮክ ተብሎ አይወራም።»

«ማታ የሆነውን እንደገና ይንገሩኝ» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ዝም ብለዋል። ጠራኋቸው። እጃቸውን ብይዘው በረዶ ነው። ያ ማቀዝቀዣ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ማጥፊያው ወዴት እንደሆነ አላወቅሁም። ጆሮዬን ደረታቸው ላይ አደረግሁ። የሰማሁት የራሴን ልብ ነው።» ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «ከዚያ ስልኩን አነሣሁና ነገርኳት። ለልጁም ንገሪልኝ አልኳት።»

«ልጁ እኮ የቀጣዩ ክፍል እንግዳ ነው። ለምን ሄደው አላንኳኩም?»

«እሳቸውን ብቻቸውን ትቼ?» አሉ፣ ጥያቄው እንዳስገረማቸው ሁሉ። «ደግሞም ከኔ አፍ ባይሰማው ይሻላል ብዬ ነው። ከኔ አፍ የሚወጣ ነገር አይጥመውም። አልፈርድበትም፤ እናቱን አላስረሳሁትም።»

«ልጅቷ መልሳ ደወለች?»

«ደወለች። ነግሬዋለሁ አለችኝ።»

«እሱስ ምን አለ አለችዎት?»

መዳፋቸውን በመዳፋቸው ላይ አደረጉ፣ መልሰው ገለበጡት። ከማለዳ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይናቸው ከኢንስፔክተሩ ዐይን ሸሸ።

«አላስታውስም» አሉ።

ዋሹ። ኢንስፔክተሩ እንደዚህ ግልጽ ሆኖ የታየው ውሸት የለም። ሳጅኗም አይታዋለች፤ በእግሯ ነካ አደረገችው።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት። አልመጣም። እኔ ካለሁበት ላለመግባት ነው አልኩ። በሩን አልቆለፍኩትም፤ ምናልባት ልቡ ቢመለስ ብዬ።» ከዚያ ራሳቸው ጠየቁ። «ጌታው፣ አንድ ነገር ልጠይቅ? ሌሊት ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝ። ማቀዝቀዣው ነው ብዬ ተውኩት። ማቀዝቀዣው ነበር፣ አይደል?»

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን ዘጋ። «እመለሳለሁ» አለ ብቻ።

ሳጅኗ ውጭ ላይ ክንዱን ያዘችው። «ውሸቷን አገኘናት እኮ!»

«አገኘን። ግን ሰው ራሱን ለማዳን ሲዋሽ እንዲህ አይደለም። እሳቸው ሲዋሹ ያፈሩት ለሌላ ሰው ነው። ነይ፣ ሆቴሉ እንሂድ፤ ያቺን ልጅ እንደገና እንጠይቃት።»

ሆቴሉ ሲደርሱ ሥራ አስኪያጁ ሪሴፕሽኑ ላይ ቆሞ በስልክ ያወራል። ሬሳ ከወጣበት ቤት እንግዳ እንዳይሸሽበት ድምፁን ማር አድርጎታል። እንዲጠብቁት በእጁ ምልክት ሰጣቸውና ቀጠለ።

«አዎ ጌታዬ፣ ፕሮፌሰሩ እኛው ጋ ናቸው ያረፉት... አዎ፣ ትናንት ነው ያረፉት። ምንም አይስጉ።»

የሳጅኗ ደብተር ከእጇ ወደቀ። «ሌላም ሰው ሞተ?»

ሥራ አስኪያጁ የስልኩን አፍ በመዳፉ ከደነ። «ኧረ ባክሽ ሟርቱን ተይ! ፕሮፌሰሩ ላይ ፎቅ ቁርስና ምሳቸውን ባንድ ላይ እየበሉ ነው። እዚህ አርፈዋል አልኩ እንጂ!»

«ታዲያ አርፈዋል ሲሉ እኔ ምን—»

«ቆይ» አለ ኢንስፔክተሩ።

እንደ ወትሮው አልነበረም አባባሉ። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ዘጋ። ኢንስፔክተሩ በቆመበት ቃሉን ለራሱ ሁለት ጊዜ በከንፈሩ ደገመው። ከዚያ፣ «የማታዋን ልጅ ጥሩልኝ» አለ።

ልጅቷ ከኋላ ክፍል መጣች። ከማለዳ ጀምሮ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ የደንብ ልብሷ አንገት በእንባና በላብ ረጥቧል።

«ነይ እህቴ፣ ተቀመጪ። ሴትዮዋ ምን ማለታቸው እንደነበር አይደለም የምጠይቅሽ። ከአፋቸው የወጣውን ቃል ነው።»

«ነገርኩዎት እኮ። ተኝተዋል አሉኝ።»

«'ተኝተዋል' አሉሽ? ቃሉ እሱ ነው?»

ዐይኗን ጨፈነች። ስልኩ አሁን የተደወለ ይመስል እጇ ወደ ጆሮዋ ሄደ። «'ባለቤቴ...'» አለች፣ የሴትዮዋን ዝግ ያለ ድምፅ ሳታውቀው እየቀዳች። «'የኔ ልጅ፣ ባለቤቴ አርፈዋል።'»

ሳጅኗ ቀና ብላ ኢንስፔክተሩን አየችው።

«እዚህ ቤት ቀኑን ሙሉ የምንለው እሱን ነው» አለች ልጅቷ በጥድፊያ። «እንግዳው አርፏል፣ እንግዳው አላረፈም እንላለን። ድምፃቸው ደግሞ ዝግ ያለ ነበር፤ እንዳይቀሰቅሷቸው መስሎኝ። 'ከጎናቸው አልነሣም፣ ለልጃቸው ንገሪልኝ' አሉኝ። እኔም 'እሺ እማማ፣ ማንም አይረብሻችሁም፤ እርስዎም ጋደም ይበሉ፣ ጠዋት ሁሉንም እናደርሳለን' አልኳቸው።»

«ለልጁስ ምን አልሽው?»

«'አባትዎ አርፈዋል፣ እናትዎ አይረበሹ ብለዋል' አልኩት።»

«እሱ ምን አለሽ?»

«ደስ አለው።» ወደ ስልኩ አየች። «'እሰይ! እንኳን አረፈ' አለኝ። እኔም... ደስ ይላቸዋል ብዬ ለሴትዮዋ መልሼ ደወልኩና እንዳለ ነገርኳቸው። 'ልጅዎ እሰይ፣ እንኳን አረፈ ብሏል' አልኳቸው። ስልኩን ሳይመልሱልኝ ዘጉት።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

«አንቺ የሰማሽውን ነው ያደረስሽ» አለ ኢንስፔክተሩ። ሳጅኗ አጠገቧ ተቀምጣ ትከሻዋን አቀፈቻት።

ሐኪሙ የደወለው ያኔ ነው። በሟቹ ደም ውስጥ ሁለት መድኃኒት አለ። አንዱ ለሕመማቸው ማታ ማታ የሚወስዱት ነው፤ ሌላው የእንቅልፍ ክኒን። ሁለቱ ሲገናኙ የሽማግሌ ትንፋሽ ክር ያክላል፤ በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ በሕይወት ያለን ሰው ከሞተ መለየት ለሐኪም እንኳ ያስቸግራል።

«ማታውኑ ሰው ቢደርስላቸውስ?»

«እኔ ጋ ቢመጡ ኖሮ ከእጄ አላወጣቸውም ነበር» አለ ሐኪሙ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስማኝ፤ ለባልቴቷ ይሄ ምን ይረባታል? ልባቸው ደክሞ ሞቱ በላት። እሱም ቢሆን ውሸት አይደለም።»

ልጅየው ጣቢያው ኮሪደር ላይ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኢንስፔክተሩ አጠገቡ ተቀመጠ።

«እንቅልፍ እንቢ ብሏቸው ነበር ብለኸኛል» አለው። «እንዴት እንደተኙ ግን አልነገርከኝም።»

ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ። ለመካድ አልሞከረም። «አንድ ክኒን ነው» አለ። «እኔ የምወስደው። መንገዱ ረጅም ነው፣ ትንሽ ይረፍ ብዬ። ገደለው?»

«ብቻውን አይገድልም። ማታ ማታ ሌላ መድኃኒት እንደሚወስዱ አታውቅም ነበር?»

«መድኃኒቱን የምትሰጠው እሷ ናት። እሷን ምን ብዬ ልጠይቃት? አንነጋገርማ።»

ኢንስፔክተሩ የቀረውን ቀስ አድርጎ ነገረው። ሴትዮዋ በስልክ ያሉትን፣ ልጅቷ የሰማችውን፣ እሱ የመለሰውን። ሰውየው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ግን ከተቀመጠበት ሸርተት ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ።

«እሰይ አልኩ» አለ። «ተኛልኝ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። እሳቸው ግን አያውቁም። ሌሊቱን ሙሉ ያሰቡህ፣ አባቱ ሲሞት እሰይ ያለ ልጅ አድርገው ነው። ምን አለ ብዬ ስጠይቃቸው 'አላስታውስም' አሉኝ።»

«ለፖሊስ አልተናገረችም?»

«አልተናገሩም።»

«እኔ ፊቷ ላይ ጣቴን ቀስሬ ገዳይ ስላትም?»

«ያኔም።»

ልጅየው አለቀሰ። የትልቅ ሰው ልቅሶ ነበር፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያናውጥ። ሳጅኗ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ኢንስፔክተሩ ሐኪሙ በስልክ የነገረውን የጻፈበትን፣ ጉልበቱ ላይ ያለውን ወረቀት ያያል። ሴትዮዋን ዛሬውኑ ነጻ የሚያወጣቸው ይህ ወረቀት ነው። የባላቸውን እጅ ይዘው በተቀመጡበት ሌሊት ሁሉ ባላቸው ይተነፍሱ እንደነበር የሚናገረውም እሱ ነው። አንዱን ከሌላው ቆርጦ የሚሰጥበት መላ የለም።

«ጌታዬ» አለች ሳጅኗ በዝግታ። «ያ ሴትዮዋ የጠየቁዎት ነገር... የማቀዝቀዣው...»

«ገና አልመለስኩላቸውም።»

ልጅየው ቀና አለ። «ምን ጠየቀች?»

ኢንስፔክተሩ ነገረው።

«አይንገሯት!» አለ ሰውየው። «ልቡ ነው በሏት። እለምንዎታለሁ፣ እሱን እንኳን ተዉላት።»

«መዝገቡ ላይ የምጽፈው እውነቱን ነው። ለሴትዮዋ የምናገረውን ግን...» ኢንስፔክተሩ ተነሥቶ ወደ ትንሹ ክፍል በር ሄደ። እጁ እጀታው ላይ አረፈ፣ ግን አልተጫነም። በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ሲቆይ፣ ከሁሉ የከበደው ወንጀለኛ መያዝ ሆኖ አያውቅም። ንጹሕ ሰው ፊት መቆም ነበር። ዝም ቢላቸው፣ ያን ትንፋሽ ለቀሪው ዕድሜያቸው ብቻቸውን እያዳመጡ ይኖራሉ። ቢነግራቸው ደግሞ የሚነግራቸው ባዕድ ሰው ነው፤ ተናግሮ ኮፍያውን አንሥቶ የሚሄድ።

ከኋላው አግዳሚው ወንበር ተንቋቋ። ልጅየው ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ መጣና፣ በእሱና በበሩ መካከል ገብቶ ቆመ።

«እርስዎ አይግቡ» አለ። ድምፁ ሻክሯል፣ ግን አይንቀጠቀጥም። «ክኒኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እሰይ ያልኩትም እኔ ነኝ። እስከ ንጋት በሕይወት እንደነበረም የምነግራት እኔው ነኝ። ዛሬ ሳልደብቅ አናግራታለሁ። ትርገመኝ፣ ታባርረኝ፣ መብቷ ነው፤ እኔ ግን እሷን ይዤ ካልሆነ ከዚህ አልወጣም።»